ለመክፈት ይመልከቱ

ነሐሴ 19 ቀን 2078 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የጆሮ ክሊኒኩ መሣሪያ በግራ ጆሮዬ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ሲያፏጭ ቆይቶ ውጤቱን ነገረኝ። ቀኝ ጆሮ፣ ዜሮ። ግራ ጆሮ፣ አሥራ ሁለት በመቶ። የሚቀረው ጊዜ፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ ቀን። ቀጥሎም «ዝርዝሩን ለማግኘት ሰሌዳውን ይመልከቱ» አለኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነኝ። ለይሉኝታ ያህል ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩለትና ወጣሁ።

ኤልዳና ተካልኝ እባላለሁ። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አሁን በፈረሰው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የማነበው ሁሉ በጆሮዬ ነው። ስክሪን ሪደሩን እኛ የድሮዎቹ «አለቃ» እንለዋለን፤ ደብዳቤውን፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የአውቶቡሱን ቁጥር፣ የዕድሩን ጥሪ የሚያነብልን እሱ ነው። ድገም ሲሉት ይደግማል፣ ዝለል ሲሉት ይዘላል፣ ተቆጡት አልተቆጡት ድምፁን አያነሣም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

አለቃ የማይደርስበትን ደግሞ ዓይን ይከፍተዋል። ዳቦ ቤቱም፣ የምኖርበት ሕንፃ በርም፣ የወረዳው ቅጽም «ለመክፈት ይመልከቱ» ነው የሚለው፤ ሁለት ሴኮንድ ካላዩት አይከፈትም። ለማናይ ሰዎች ወረዳው ተመልካች መድቦልናል። የእኔ ተመልካች ናኦል ዲንቃ ይባላል። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ለአርባ አንድ ሰው ያያል፣ በየሰዓቱ ዓይኑ ላይ ጠብታ ያደርጋል። ደንቡ «ተመልካች ይመለከታል እንጂ አይተርክም» ይላል፤ መግለጽ የማሽን ሥራ ነውና። ናኦል ደንቡን አክብሮ አያውቅም። ገና በመጀመሪያው ቀን የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አዲስ ሹሩባ መሠራቷን ነግሮኛል።

ከክሊኒኩ ስመለስ አንድ ነገር ሞከርኩ። የጆሮ ማዳመጫዬን አወጣሁ፣ የቀረችኝን አንዲት ጆሮ በሰም ደፈንኩ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ማን እንደገባ፣ ምድጃው እንደበራ፣ ዝናብ እንደመጣ የማላውቅበትን ኑሮ ልለማመድ ነበር ሐሳቤ። ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ቤቴ ጠፋብኝ። ሰሙን ጎልጉዬ ሳወጣ አለቃ ሰዓቱን ነገረኝ፤ የቆየሁት አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አንድ መውጫ ብቻ ነበረኝ፤ እሱም ጣቴ ነው። በልጅነቴ ያነበብኩት በብሬል ነው፣ ወፍራም ወረቀት ላይ በተወጉ ነጥቦች። ዛሬ ብሬል የሚያስተምር የለም። ሁሉ ነገር አፍ ካወጣ ማን ወረቀት ይዳብሳል? ይህን ያልኩት ደግሞ እኔው ነኝ። በ2049 የወረቀት ማሰባሰቢያ ዘመቻ ወደ ትምህርት ቤታችን ሲመጣ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን የብሬል ጥራዝ በአሻራዬ ፈርሜ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። በርክክቡ ቀን መድረክ ላይ ወጥቼ «ከእንግዲህ ጣታችን ይረፍ» አልኩ፣ ተጨበጨበልኝ። መጻሕፍቱ ስካን ተደርገው ወደ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ገቡ፤ ወረቀቱ ተፈጭቶ ካርቶን ሆነ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔን ደግሞ እያጨበጨበልኝ ነው የወሰደኝ።

ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ አንዱን ከሁሉ አብልጬ እፈልገው ነበር። «ሰባቱ ኬላዎች» ይባላል። የጻፈው አስተማሪዬ የነበረው መምህር ጥላዬ ነው፤ እሱም አያይም ነበር። ዘጠና ስድስት ገጽ፣ እያንዳንዷን ነጥብ በወስፌ እየወጋ፣ ወረቀት ለመቆጠብ ሲል በሁለቱም ፊት ጻፈው። ሌላ ቅጂ የለውም። ከጨው አገር ተነሥተው በሰባት ኬላ የሚያልፉ የሦስት ነጋዴዎች ታሪክ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ስምንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሳላይም ሳልሰማም የምኖር ከሆነ ከእነዚያ ነጋዴዎች ጋር ልኑር አልኩ።

ቤተ መጻሕፍቱ አንድ የነጥብ ማተሚያ አለው። የዕቃው መለያ ቁጥር ከተሰጠው ማንኛውንም ነገር ወፍራም ወረቀት ላይ ወግቶ ያወጣል። የሚያስፈልገኝ ቁጥሩ ብቻ ነበር። ከነሐሴ 20 ጀምሮ በየቀኑ ፈለግሁ። አለቃ የቤተ መጻሕፍቱን ገጽ እንዲህ ብሎ ያነብልኛል፤ «ምስል። ምስል። ስም የለሽ አዝራር። ምስል። ስም የለሽ አዝራር። ለመክፈት ይመልከቱ።» ርዕሱም፣ ጸሐፊውም፣ ዓመቱም ያለው ሥዕል ውስጥ ነው። የሚያይ ሰው ትኩር ሲልበት መግለጫው ይከፈትለታል፤ ለአለቃ ግን ሥዕል ሥዕል ነው። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት አራት ሺህ ምስል ቆጠርኩ። አንዱም ስሙን አልነገረኝም።

ለቤተ መጻሕፍቱ አቤት አልኩ። መልሱ በሥዕል መጣ። ናኦል አይቶ ሲያነብልኝ «አገልግሎታችን ለሁሉም እኩል ክፍት ነው» ይላል።

ጳጉሜ 1 ቀን ከናኦል ጋር ራሳችን ሄድን። በዘንድሮው ጳጉሜ ቤተ መጻሕፍቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጸዳ ነው፤ የተሟላ መግለጫ የሌለው ዕቃ ሁሉ ተለይቶ አዲሱ ዓመት ሳይገባ ይሰረዛል። አዳራሹ ሰፊና ቀዝቃዛ ነው፣ ወረቀት ወረቀት አይሸትም። ናኦል ሰሌዳው ፊት ተቀምጦ ማየት ጀመረ። ሃምሳ ደቂቃ አየ።

«አገኘሁት» አለኝ። «የትምህርት ቤታችሁ ስም አለበት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ዕቃ።»

«ተመስገን። ርዕሶቹን ንገረኝ እስቲ።»

የጠብታውን ብልቃጥ ሲከፍት ሰማሁ።

«ናኦል?»

«ሁሉም አንድ ነው የሚለው፣ እትዬ። ‹ባዶ ወረቀት› ነው የሚለው። ሁለት መቶ አሥራ አራቱም ባዶ ወረቀት። ከጎናቸው ቀይ ምልክት አለ። የሚሰረዙት ውስጥ ናቸው።»

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስካን ያደረገው ማሽን የሚፈልገው ቀለም ነው። ብሬል ቀለም የለውም። ማሽኑ ሠላሳ ሺህ ገጽ አገላብጦ አንዲት ጠብታ ቀለም ሲያጣ ባዶ ብሎ ጻፈ፤ ዘመቻውን የመሩትም ዓይናሞች፣ ያጸደቁትም ዓይናሞች። ያስረከብኩት እኔ ደግሞ ደረሰኙን ማየት አልችልም ነበር።

የመግለጫ ክፍል ኃላፊዋን አስጠራን። ሶልያና ትባላለች፤ በድምጿ ሃምሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ትሑት ሰው ናት።

«እትዬ፣ ማሽኑ ነጭ ወረቀት ሲያይ ሌላ ምን ይበል?» አለች።

«ነጭ አይደለም። ሙሉ ነው። በነጥብ የተጻፈ ነው።»

«እኔ ራሴ ነኝ አይቼ ያጸደቅሁት። በቀን ሦስት ሺህ መግለጫ አጸድቃለሁ፤ ይኼን ግን አስታውሰዋለሁ። ምን ዓይነት ሰው ባዶ ወረቀት ጠርዞ ያስቀምጣል ብለን ስቀን ነበር።»

«እስቲ ጠጋ ይበሉ» አላት ናኦል። «አሁን አጎላዋለሁ። ይቺን ጥላ ያዩዋታል? ይቺንስ?»

ወንበር ሲሳብ ሰማሁ።

«የወረቀቱ ሻካራነት መስሎኝ ነበር» አለች ሶልያና በመጨረሻ። ድምጿ ወርዶ ነበር። «የጽዳቱን ትእዛዝ እኔ ማቆም አልችልም፤ ከላይ የመጣ ነው። ግን መግለጫ ያለው ዕቃ አይነካም። ርዕስ፣ ጸሐፊ፣ የገጽ ብዛት፣ አጭር መግለጫ። አራቱን የሞላችሁለት ይተርፋል። እስከ ጳጉሜ አምስት አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሰሌዳውን እለቅላችኋለሁ።»

«ማን ያነበዋል?» አላት ናኦል።

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።»

ነገሩ ይኸው ነው። ናኦል ያያል፣ ማንበብ አይችልም። እኔ ማንበብ እችላለሁ፣ አላይም። ወረቀቱ ቢኖር ኖሮ ጣቴን ጣል አድርጌ ርዕሱን በአንድ ትንፋሽ እጨርሰው ነበር፤ አሁን ግን ወረቀቱ ካርቶን ሆኗል፣ የቀረው ፎቶው ነው። ስለዚህ ነጥቦቹን በቁጥር አስተማርኩት። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በቀኝ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። አብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ ስድስት ነጥብ ይወስዳል። እሱ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ ፊደል አደርገዋለሁ።

«ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አለ።

«ቀጥል።»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ… ቆይ፣ ይኼ ጥላ ነው ጉድጓድ?»

ችግሩ እሱ ነበር። ወረቀቱ በሁለቱም ፊት ስለተጻፈ የዚህ ፊት ጉብታና የዚያ ፊት ጉድጓድ ፎቶው ላይ ተቀላቅሏል። ናኦል የጉብታው ጥላ በቀኝ፣ የጉድጓዱ በግራ እንደሚያርፍ እስኪደርስበት ድረስ ዓይኑ ላይ አራት ጊዜ ጠብታ አደረገ። የመጀመሪያውን ርዕስ በአርባ ደቂቃ ጨረስን። «ስለ ንብ ርባታ» ይላል።

ሁለታችንም ሳቅን። ሶልያና ሳይቀር ከማዶ ሳቀች። ዓይነ ስውር ንብ ሊያረባ! ግን አስታወስኩት፤ ትምህርት ቤታችን ቀፎ ነበረው፣ ማሩን ለወላጆች እንሸጥ ነበር። ናኦል አራቱን ሞላ፣ ቀዩ ምልክት ጠፋ። በዚያን ቀን ሁለት መጽሐፍ አተረፍን።

ጳጉሜ 2 አሥራ ሦስት አተረፍን። የአንደኛ ክፍል ሒሳብ፣ የልብስ ስፌት መማሪያ፣ የንጽሕና አጠባበቅ፣ ሦስት የመዝሙር ደብተር። ናኦል እየፈጠነ መጣ። ጳጉሜ 3 እስከ ምሳ ሰዓት ዘጠኝ ጨመርን። ሃያ አራት ሆነ። «ሰባቱ ኬላዎች» ግን የለም። ዕቃዎቹ ያለ ምንም ቅደም ተከተል ነው የተደረደሩት፤ መቶ ሰባኛው ሊሆን ይችላል፣ ሁለት መቶኛው ሊሆን ይችላል። በያዝነው አካሄድ ግማሹን እንኳን አንደርስም።

የቋጠርኩትን ምሳ ሳልፈታ አሰብኩ። ከዚያ ናኦልን እንዲህ አልኩት፤

«ከዚህ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደሎች ብቻ ንገረኝ። የእኔ ካልሆነ ዝለለው።»

«የዘለልነውስ?»

«ሰምተኸኛል።»

«የእርስዎ ተማሪዎች መጽሐፍ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ተማሪዎቼ ይሰማሉ» አልኩት። «እኔ ነኝ የማልሰማው።»

ክፉ ንግግር ነው፤ ያልኩትን አልክድም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ናኦል ሁለት ፊደል ይጠራል፣ እኔ «ዝለል» እላለሁ። የተማርኩባቸው መጻሕፍት ነበሩ፤ አንዳንዶቹን ራሴ በወስፌ ገልብጬ ለልጆች አድያለሁ። ከሁለት ፊደል በላይ ስላልሰማሁ የትኞቹን እንዳለፍኩ እንኳን አላውቅም። ሰማንያ ስምንት መጽሐፍ በዚህ ዓይነት ዘለልኩ። ሶልያና በአጠገባችን ስታልፍ ሁለተኛ አልሳቀችም።

ጳጉሜ 4 ጠዋት ደግሞ የናኦል ድምፅ መሳሳት ጀመረ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አስደግመዋለሁ። ጉንጩን ጆሮዬ ላይ ለጥፎ ሲናገር ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ቁጥሩ አይመጣልኝም። የጆሮ ክሊኒኩ ከሃያ እስከ ሠላሳ ቀን ነበር ያለኝ፤ ገና አሥራ አምስት ቀኔ ነው። የፈሩት ይደርሳል። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ናኦል ሁለቱን እጆቼን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። በድሮው የብሬል ታይፕ ስድስቱ ቁልፎች በስድስት ጣት እንደሚመቱ አጫውቼው ነበር። የግራ እጄን ሌባ ጣት ተጫነ፤ አንድ። መሐል ጣቴን፣ የቀለበት ጣቴን፤ ሁለት፣ ሦስት። ወደ ቀኝ እጄ ተሻገረ። ራሴን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ።

በዚህ ዓይነት ሠራን። ከጆሮ ይልቅ ፈጠነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በመቶ አሥራ ሦስተኛው ዕቃ፣ ጣቶቼ ላይ ሰ መጣ፣ ባ መጣ።

«ቀጥል» አልኩት። ሳላውቀው ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ ብሎ በኋላ ነግሮኛል።

«ሰባቱ ኬላዎች» ነበር። መለያ ቁጥሩን ይዘን፣ አራቱን ሞልተን፣ ቀዩን ምልክት አጠፋን። ማተሚያው ከበዓሉ በኋላ ነው የሚሠራው ስለተባልኩ መታገሥ አቃተኝና ናኦልን የመጀመሪያውን ገጽ እንዲያነብልኝ ለመንኩት። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። «በጨው አገር ሦስት ነጋዴዎች ነበሩ። አንዱ መንገድ ያውቃል። አንዱ ዘፈን ያውቃል። አንዱ ምንም አያውቅም፤ በቅሎዋ ግን የእሱ ናት።» ቃል በቃል አስታወስኩት። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ ነበር።

ጳጉሜ 5 ወደ ዘለልናቸው ተመለስን። ናኦልን ዓይኑን ያመው ነበር፤ ጠብታው ሲያልቅበት ውሃ ተጠቀመ። ሠላሳ ሰባት ጨመርን። ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጣቴ ላይ ሦስት ነጥብ ተጭኖ አራተኛው ሳይመጣ ቀረ። ሰሌዳው ጠፍቶ ነበር። ስልሳ ሁለት መጽሐፍ አተረፍን፣ መቶ ሃምሳ ሁለት ጠፋ። ሶልያና መጥታ ትከሻዬን ያዘችና አንድ ነገር አለችኝ፤ ምን እንዳለች አልሰማሁም።

መስከረም 3 ቀን ጠዋት፣ ከመኝታዬ ስነሣ የግራ ጆሮዬ ትንሽ ተመልሳ ነበር። አንዳንዴ እንደዚያ ታደርጋለች። ማዳመጫውን ሰካሁ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ «ሰባቱ ኬላዎች» ብዬ ፈለግሁ። መግለጫውን ናኦል በፊደል ስለሞላው አለቃ ምስል አላለኝም። «አንድ ውጤት» አለ። «ርዕስ፣ ሰባቱ ኬላዎች። ጸሐፊ፣ መምህር ጥላዬ። የገጽ ብዛት፣ ዘጠና ስድስት። መግለጫ፣ በጨው አገር ነጋዴዎች ላይ የተጻፈ ረጅም ታሪክ፤ በብሬል፣ በደራሲው እጅ የተወጋ።» ያለ ተመልካች፣ ያለ ማንም፣ በገዛ ቤቴ አንድ የቤተ መጻሕፍት ዕቃ ስሙን ነገረኝ። አስደገምኩት፤ ደገመልኝ። ከዚያ «ክፈት» አልኩ።

«ይህ ዕቃ ዜሮ ገጽ አለው» አለ አለቃ። «ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን።»

«ስለ ንብ ርባታ»ን ፈለግሁ። ርዕስ አለው፣ መግለጫ አለው፣ ዜሮ ገጽ። የአንደኛ ክፍል ሒሳብ፣ ዜሮ ገጽ። ስልሳ ሁለቱንም አንድ በአንድ አስነበብኩት። ሁሉም ጥርት አድርገው ስማቸውን ይናገራሉ፣ ሁሉም ውስጣቸው የለም።

ሶልያና ጋ ደወልኩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ በጣቴ ይዤ፣ ቀስ ብላ እንድትናገር ነግሬያት ነው የሰማኋት።

«የእኛ ክፍል መግለጫ ያለውን ዕቃ አልነካም፣ እትዬ» አለች። «ባዶ ገጽ የሚያስወግድ ሌላ ክፍል አለ። ዕቃው ውስጥ ገብቶ ቀለም የሌለውን ገጽ እየለቀመ ያወጣል። እንደዚያ መሆኑን አላውቅም ነበር። በልጄ ይሁንብኝ፣ አላውቅም ነበር።»

«ይመለሳል?»

«ለባዶ ገጽ ቅጂ አይያዝም።»

የምሰድባት ቃል ፈለግሁና አጣሁ። እኔም በ2049 አላውቅም ነበር። «ናኦል ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋት፤ መልሷ አልደረሰኝም፤ ጆሮዬ መሐል ላይ ከዳችኝ። መስከረም 11 ቀን ከሰዓት በኋላ ጨርሳ ተዘጋች። የመጨረሻው የሰማሁት ነገር አለቃ የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያ ሲያነብ ነበር። ማስታወቂያው መሐል ላይ አለቀ፤ ውሃው መቼ እንደሚመጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ይህን የምጽፈው በጣቴ ነው፤ የጻፍኩትን ግን አለቃ ሲያነብልኝ አልሰማውም። ትክክል ይሁን አይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም። አብዛኛውን ቀን ግድግዳውን ይዤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ እሄዳለሁ። መምህር ጥላዬ የጻፈውን በልቤ ልወጣው እሞክራለሁ። ከአምስተኛው ኬላ በኋላ ያለው እየጠፋብኝ ነው። እዚህ አገር መጽሐፉን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ እኔ ስረሳው በቃ አለቀለት ማለት ነው።

መስከረም 14 ናኦል መጣ። መምጣቱን ያወቅሁት የበሩ መዘጋት በወለሉ በኩል እግሬ ሥር ሲደርስ ነው። ወንበር ስቦ ከፊቴ ተቀመጠና ሁለቱን እጆቼን ያዘ። አሁን ብሬሉን እኔን በሚያክል ፍጥነት ያውቀዋል። ጣቶቼ ላይ እንዲህ አለኝ፤ «ማተሚያው ተበላሽቷል። እስኪጠገን እኔ ከሰሌዳው እያየሁ አነብልዎታለሁ።»

ያችን ዜሮ አይቷታል ማለት ነው። አይቶ ነው እንዲህ የሚለኝ። እኔም ማወቄን አያውቅም። «መጽሐፉ የለም እኮ፣ ናኦል» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሱን ካልኩት ግን እጄን ይለቃል፤ እጄን ከለቀቀ ደግሞ እዚያው ሶፋ ላይ፣ ሰሙን ጆሮዬ ውስጥ እንደከተትኩበት ቀን፣ ብቻዬን እቀራለሁ።

«እሺ» አልኩት። ድምፄ ይውጣ አይውጣ አላውቅም።

የመጀመሪያው ገጽ የመምህር ጥላዬ ነው፤ በጳጉሜ አብረን ያነበብነው። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ግን የናኦል ነው። መምህር ጥላዬ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነበር፤ በወስፌ የሚጽፍ ሰው ቃል አያባክንም። የናኦል ነጋዴዎች ወሬ ይወዳሉ። ዓይናቸውን ያማቸዋል፣ በየጥላው አረፍ ይላሉ፣ የኬላ ጠባቂዎቹን ሚስቶች ሹሩባ ያደንቃሉ። አንዳንዴ ጣቱ መሐል ላይ ይቆማል፤ የሚለው ጠፍቶበት ነው፤ ዝም ብዬ እጠብቀዋለሁ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ይመጣልኛል፣ ሌሎች አርባ ሰዎች አሉበት። የቀረውን መቶ ስልሳ ስድስት ሰዓት ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ዛሬ ሦስተኛው ኬላ ደረስን። በመምህር ጥላዬ መጽሐፍ እዚያ ጋ ወንዙ ሞልቷል፣ ኬላ ጠባቂው ሳትሻገሩ አይመሽባችሁም ብሎ ያዋክባቸዋል፣ በቅሎዋ ከነጭነቷ በውሃ ትወሰዳለች። ዘፈን የሚያውቀው ነጋዴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይዘፍንም። ስምንት ጊዜ ሳነበው ስምንቱንም ጊዜ አልቅሻለሁ። ሦስተኛው ኬላ ላይ ወንዝ መኖሩን ብቻ በጳጉሜ አጫውቼው ነበር። ናኦል ወንዙ ዳር ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ አንድ አንድ ነጥብ እየተጫነ፣ በቅሎዋ ውሃውን አሸተተች አለ። ገባች። ውሃው እስከ አንገቷ ደረሰ። ተሻገረች።

«ከዚያስ?» አልኩት።